ሥዕሉና ሕመምተኛው፤ በኮምፒዩተር ስለሚታቀድ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና የቀረበ ትችት

ስለ አከርካሪ ቀዶ ጥገና በሚጽፉ የሕክምና መጽሔቶች ውስጥ ባለፉት ሃያ ዓመታት እየተደጋገመ የሚታይ አንድ ዐይነት ገጽ አለ። በገጹ ላይ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በስተግራ ሕመምተኛው ከመታከሙ በፊት የተነሣው ራጅ፥ በመካከል ሐኪሙ በኮምፒዩተር ያቀደው፥ በስተቀኝ ብሎኑና ዘንጉ ከገባ በኋላ የተነሣው። የመካከሉና የቀኙ ሥዕል ሲመሳሰሉ ዕቅዱ ሠመረ ይባላል። እኛም ይህን ገጽ ደጋግመን ከተመለከትን በኋላ አንድ ጥያቄ አደረብን፤ ይኸውም የመካከሉ ሥዕል ስለ ሕመምተኛው ከሚናገረው ውስጥ ምን ያህሉ የሕመምተኛው ነው፥ ምን ያህሉስ የሠዓሊው ምርጫ ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሁሉ አስቀድመን መሣሪያውን ለማጣጣል ያልተነሣን መሆናችንን እንገልጻለን። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኙ ጀምሮ ሐኪሙ የሕያውን ሰው አጥንት ሥጋ ሳይቈርጥ ለማየት ችሏል፤ ነገር ግን ያየው የአጥንቱን ጥላ ነበር። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠሩት የሲቲ መሣሪያ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዪቱን ሕመምተኛ ካነሣ በኋላ ግን ጥላው ወደ ቍጥር ተለወጠ። ውሃ 0፥ አየር ከዜሮ በታች 1000፥ አጥንት ደግሞ እንደ ጥንካሬው በብዙ መቶ የሚቈጠር ልክ ተሰጠው። በ1993 ዳይኮም የሚባለው የሥዕል አጻጻፍ ስምምነት በወጣ ጊዜ የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ያነሣውን ሥዕል የሌላው ኮምፒዩተር ለማንበብ ቻለ። በ1998 ቦስተን ውስጥ የተጀመረው ስላይሰር፥ በ2004 በመጽሔት የተገለጸው ኦሲሪክስና የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ሥዕሉን ከራጅ ክፍል አውጥተው በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ቀድሞ ሐኪሙ ራጁን በብርሃን ሣጥን ላይ ለጥፎ፥ በስስ ወረቀት ገልብጦ፥ ወረቀቱን በመቀስ ቈርጦ፥ ቍራጮቹን እያዞረ ያቅድ ነበር። ዛሬም ፕሮግራሙ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸንኑ ነው፤ መቀሱ ብቻ ጠፍቷል።

በዕቅዱ ውስጥ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው የብሎኑን መንገድ መወሰን ነው፤ እያንዳንዱ ብሎን በየትኛው አንጓ፥ በምን አቅጣጫ፥ በምን ውፍረትና ርዝመት እንደሚገባ በሲቲ ሥዕል ላይ ይሣላል። ሁለተኛው የጀርባውን ቅርጽ መወሰን ነው፤ በቆመ ሰው ራጅ ላይ ማዕዘኖች ይለካሉ፥ አጥንቱ የት ቢቈረጥና ዘንጉ እንዴት ቢታጠፍ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሊቆም እንደሚችል ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚደነቀው የመጀመሪያው ነው፤ ለትችት የበለጠ የሚጋብዘው ግን ሁለተኛው ስለ መሰለን ከእርሱ እንጀምራለን።

ሰው ከጎኑ ሲታይ ወገቡ ወደ ፊት፥ የላይኛው ጀርባው ወደ ኋላ ጎበጥ ያለ ነው። የወገቡ ጕብጠት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባው ከዳሌው አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን ፈረንሳዊቱ ወይዘሮ ዶክተር ዥኔት ዱቫል ቦፔርና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1990ዎቹ ዓመታት አስረድተዋል። እርሳቸው የገለጹት የዳሌ ማዕዘን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ በአቋቋም ብዙ የማይለወጥ፥ እንደየሰው ግን የሚለያይ ነው። ይህ ማዕዘን የሁለት ሌሎች ማዕዘኖች ድምር ሲሆን እነርሱም ዳሌው ወደ ኋላ የተጋደለበት ልክና የሳክረም አጥንት ተዳፋትነት ናቸው። ለምሳሌ የዳሌ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ የሆነ ሰው ዳሌው 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢጋደል የሳክረሙ ተዳፋት 25 ብቻ ይሆናል። ይህ ሰው ወደ ፊት እንዳይደፋ ዳሌውን ወደ ኋላ እየሳበ የሚኖር፥ ጥቂት መንገድ ሲሄድም የሚደክም ሰው ነው። ይህ ግኝት በእውነት የሚደነቅ ነው። ከእርሱ በፊት ለሁሉም ሰው አንድ ዐይነት ቀጥ ያለ ጀርባ ይፈለግ ነበርና።

ችግሩ የመጣው ግኝቱ ወደ ደንብ ሲለወጥ ነው። በ2012 ፍራንክ ሽዋብና ጓደኞቻቸው ባወጡት አመዳደብ መሠረት በዳሌው ማዕዘንና በወገቡ ጕብጠት መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ያነሰ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ10 እስከ 20 ከሆነ መካከለኛ፥ ከ20 በላይ ከሆነ ከባድ ጕድለት ይባላል። ከላይ የጠቀስነው ሰው የወገቡ ጕብጠት 30 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 25 ስለ ሆነ ከከባዱ ክፍል ይገባል። ፕሮግራሙም ሐኪሙ በመዳፉ ሥር ያለችውን መጠቆሚያ ጥቂት ሲያንቀሳቅስ ከአንዱ አንጓ ላይ እንደ ሽብልቅ ያለ አጥንት ይቈርጥለታል፥ 30 ዲግሪ ያህል ያቃናለታል፥ ሰውየውም በሥዕሉ ላይ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደም የለም፥ ሕመም የለም፥ ሁለት ደቂቃም አልፈጀም።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብሎ ማሰብ የሚያሻው። ማዕዘን የሚለካው መሥመር በማስመር ነው፥ መሥመሩንም የሚያሰምረው ሰው ነው። ጆን ኮብ በ1948 የጎን ጥመትን የሚለኩበትን ዘዴ ካቀረቡ ወዲህ ይኸው ዘዴ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ሁለት ሐኪሞች አንዱን ራጅ ቢለኩ፥ ወይም አንዱ ሐኪም ሁለት ጊዜ ቢለካው፥ 5 ዲግሪ ያህል መለያየት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። የዳሌው ማዕዘን ደግሞ የሁለቱን የጭን አጥንት ራሶች መካከል ማግኘትን ይጠይቃል፤ ሁለቱ ራሶች በራጁ ላይ ካልተደራረቡ መካከሉ በግምት ይወሰዳል፥ የሳክረሙ ገጽ ክብ ከሆነም ጠርዙ የት እንደሚጀምር ያከራክራል። እንግዲህ በምሳሌአችን 55ና 30 ያልናቸው ቍጥሮች እያንዳንዳቸው በ5 ዲግሪ ቢሳሳቱ እውነተኛው ልዩነት ከ15 እስከ 35 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በ15ና በ35 መካከል ያለው ርቀት አጥንትን በመቍረጥና ባለመቍረጥ መካከል ያለ ርቀት ነው። ፕሮግራሙ ግን 54.7 ብሎ ይጽፋል። ከነጥቡ በኋላ የተጻፈችው ሰባት ከየት መጣች? ከሕመምተኛው ዳሌ አልመጣችም፤ ከስሌቱ ብቻ የመጣች ናት። በመሣሪያው ከሚያስከፉን ነገሮች ሁሉ ይህቺ ትንሽ ቍጥር ዋናዋ ናት ብንል ማጋነን አይደለም፤ ጀማሪው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያምናት እርስዋን ነውና።

ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ ከቍርጡ በላይ ያለውን ጀርባ ሁሉ እንደ አንድ ጣውላ አድርጎ ያዞረዋል። ሕያው ጀርባ ግን ጣውላ አይደለም። ወገቡ ሲቃና በብሎን ያልተያዙት የላይኛው ጀርባ አንጓዎች ለብዙ ዓመታት ይዘውት የቆዩትን ውጥረት ይለቃሉ፥ ብዙ ጊዜም ወደ ፊት ይጎብጣሉ። ይህ ከቀዶ ጥገና በኋላ በተነሡ ራጆች ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ልክ የነበረው በሰውየው ላይ ሊያንስ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሊበዛ ይችላል፤ በ2016 ረኖ ላፋዥና ጓደኞቻቸው እንዳሳዩት በዕድሜ የገፋ ሰው የሚፈልገው ቅርጽ የወጣቱን ያህል አይደለም፥ ሽማግሌውን እንደ ጐረምሳ ለማቃናት መጣርም ከዘንጉ በላይ ያለውን አንጓ ለመሰበር ሊያጋልጠው ይችላል። ደንቡ ከወጣ አራት ዓመት ሳይሞላው ማሻሻያ ማስፈለጉ የሙያውን ጤንነት የሚያሳይ ነው፤ በየሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠው አሮጌው ልክ ግን ከመጽሔቱ ጋር አብሮ ይታደሳል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

አንባቢ ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጭቅጭቅ ነው እንዳይለን አንድ የታሪክ ምስክር እንጥራ። ፖል ሃሪንግተን በ1962 የጎን ጥመትን በብረት ዘንግና በሜንጦ የሚያቃኑበትን ዘዴ ሂውስተን ሆነው ለዓለም አቀረቡ። ዘንጉ ጠማማውን ጀርባ ከላይና ከታች እየገፋ ያረዝመው ነበር። ከፊት የተነሣው ራጅ ሲታይ ውጤቱ የሚያስደስት ነበር፥ ጥመቱም ይቀንስ ነበር። ከጎን የሚታየውን የወገብ ጕብጠት ግን ያው መግፊያ አጠፋው። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ታካሚዎች ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ቀጥ ብለው ለመቆም አልቻሉም፤ ሕመሙም ጠፍጣፋ ጀርባ የሚል ስም ወጣለት፥ በ1970ዎቹም በመጽሔቶች መገለጽ ጀመረ። በሃሪንግተን ዘመን የነበሩት ሐኪሞች ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። ሁሉም ነገር የሚለካበት ሥዕል ከፊት የተነሣው ስለ ነበረ ነው። ሥዕሉ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። የዛሬው ፕሮግራም ከጎን ያለውን ቅርጽ በሚገባ ስለሚያሳየን ከዚያ ስሕተት ወጥተናል ብንል እውነት ነው። ዛሬስ ያልጠየቅነው ጎን የትኛው ነው?

አንዱን እናውቀዋለን። ሲቲና ኤም አር አይ ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው ያነሡታል። ቀዶ ጥገናው ሲደረግ በሆዱ ይተኛል። ሲድን ደግሞ ቆሞ ይሄዳል። ሦስቱ አተኛኘቶችና አቋቋሞች ለአንድ ጀርባ ሦስት ልዩ ልዩ ቅርጾች ይሰጡታል፤ በተለይም አንጓዎቹ የላሉ ከሆነ በተኛበት ገጥመው የታዩት ሁለት አጥንቶች በቆመበት ሊንሸራተቱ ይችላሉ። የኖቤል ተሸላሚው ጆርጅ ቻርፓክ ከፈጠሩት ጨረር መቀበያ ተነሥቶ የተሠራው ኢኦስ የተባለው መሣሪያ ሰውን ቆሞ እንዳለ ከፊትና ከጎን በአንድ ጊዜ፥ በጥቂት ጨረር ስለሚያነሣ የዚህን ችግር እኩሌታ ያቃልላል። ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፥ ውስጠኛውንም የአጥንት አሠራር እንደ ሲቲ አያሳይም። ስለዚህ ዐቃጁ የተኛውን ሥዕል ለብሎኑ፥ የቆመውን ሥዕል ለቅርጹ ወስዶ ሁለቱን በሐሳቡ ማጋጠም ግድ ይሆንበታል፤ ይህን ማጋጠም የሚያደርግለት ፕሮግራም ቢኖርም እንኳ ኀላፊነቱን አይወስድለትም።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። ፈረንሳዊው ረሞን ሯ ካሚይ በ1963 ብሎንን በፔዲክል በኩል ማስገባት ጀመሩ። ፔዲክል የአንጓውን የፊት አካል ከኋላው ቅስት ጋር የሚያያይዘው አጭር ድልድይ ነው፤ በውስጥ በኩል ኅብለ ሰረሰር፥ ከበታቹ የነርቭ ሥር ያልፋሉ። በወገብ ሰፊ ነው፤ በደረት መካከለኛ አንጓዎች ግን ወርዱ ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኮምፒዩተር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ነው፥ ሥዕሉም ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እዚሁ ነው። እስቲ እናስላ። የሲቲ ሥዕል ብዙውን ጊዜ 512 በ512 ነጥቦች አሉት። የሥዕሉ ስፋት 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ ነጥብ 0.39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሆዱን ሁሉ ለማሳየት በ400 ሚሊ ሜትር የተነሣ ከሆነ ግን 0.78 ይሆናል። ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ፔዲክል ውስጥ 4.5 ሚሊ ሜትር ብሎን ቢታቀድ በግራና በቀኝ የሚቀረው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከአንዲት ነጥብ ያነሰ ነው። በተጨማሪም ንብርብሩ 1 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከሆነ፥ ጀርባውም ጠማማ ስለ ሆነ ንብርብሩ ፔዲክሉን አግድም ሳይሆን በሰያፍ ከቈረጠው፥ ያ ውፍረት በወርዱ ልኬት ውስጥ ይገባል። በመስታወቱ ላይ ግን ብሎኑ በአጥንቱ መካከል ኩልል ብሎ ይታያል።

አጥንቱን ከሥጋው ለይቶ የሚያወጣውም ልክ እንዲሁ የምርጫ ነገር ነው። ዐቃጁ ከዚህ ቍጥር በላይ ያለው አጥንት ነው ብሎ ልክ ይሰጣል። ልኩን ወደ ላይ ቢያደርገው ስስ ግድግዳዎች ይጠፋሉ፥ ወደ ታች ቢያደርገው አጥንቱ ይወፍራል፥ ፔዲክሉም የሚበቃ ይመስላል። በዕድሜ በገፋች ሴት የመጀመሪያው የወገብ አንጓ ውስጣዊ ክፍል ከ110 ያነሰ ልክ ቢኖረው የአጥንት መሳሳት እንደሚጠረጠር በ2013 ከታተመ ጥናት ወዲህ ታውቋል። ይህ ቍጥር ከዚያው ከሲቲ ሥዕል ያለ ተጨማሪ ጨረርና ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል። ሆኖም ፕሮግራሙ ብሎኑን በጠንካራው አጥንትም ሆነ በሳሳው አጥንት ውስጥ ያው አድርጎ፥ በዚያው ደማቅ ቀለም ይሥለዋል። አጥንቱ ብሎኑን ይይዘዋል ወይስ እንደ ርጥብ እንጨት ይለቀዋል የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ አያስታውሰውም።

ብሎን በትክክል ገባ የሚባለውስ መቼ ነው? ገርትዝባይንና ሮቢንስ በ1990 ያወጡት መለኪያ ብሎኑ ከፔዲክሉ ግድግዳ የወጣበትን ርቀት በ2 ሚሊ ሜትር እየከፈለ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ጨርሶ ያልወጣው አንደኛ፥ ከ2 በታች የወጣው ሁለተኛ፥ እያለ ይቀጥላል። በየጊዜው የሚወጡት ጽሑፎች አዲሱን ፕሮግራም ወይም የሮቦት ክንድ በዚህ መለኪያ ያመሰግኑታል፥ ምስጋናውም ብዙውን ጊዜ ይገባዋል። ዳሩ ግን ይህ መለኪያ ሥዕልን በሥዕል የሚመዝን ነው። ሕመምተኛው የመጣው እግሩ ስለ ደነዘዘ፥ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ ስላልቻለ ነው እንጂ ብሎኑ መካከል እንዲሆንለት አይደለም። ብሎኑ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ደኅና የሚሄድ ሰው አለ፤ ሁሉም ብሎን አንደኛ ደረጃ አግኝቶ ሕመሙ ያልለቀቀውም አለ።

ይህን ካልን በኋላ ለመሣሪያው የሚገባውን መመስከር አለብን። በፕሮግራም ያቀደ ሐኪም ያሰበውን ከሥራው በፊት አስመዝግቧል፤ ስለዚህ ሐሳቡና ውጤቱ በሌላ ሰው ሊመሳከሩ ይችላሉ። በቀድሞው ዘመን ዕቅዱ በሐኪሙ ልብ ውስጥ ስለ ነበረ ውጤቱ ምንም ቢሆን ያሰብኩት ይህንኑ ነበር ለማለት ይቻል ነበር። ለእኛ ይህ ጥቅም ከማንኛውም ባለ ቀለም ሥዕል ይበልጣል።

ነገሩ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበትም መንገድ አለ። በኢትዮጵያ ከምናያቸው ከባድ የጀርባ ጥመቶች መካከል ብዙዎቹ ፐርሲቫል ፖት በ1779 ከገለጹት ከአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ የመጡ፥ ወይም በልጅነት ሳይታከሙ የቆዩ ናቸው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ዶክተር ሪክ ሆድስ እንዲህ ያሉትን ልጆች መርምረው፥ ሥዕላቸውን አስነሥተው፥ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ አክራ ላይ ወዳቋቋሙት ፎኮስ ሆስፒታል ልከው እንዲታከሙ ሲያደርጉ ቆይተዋል። በዚያ ጥመታቸው እጅግ የከፋ ልጆች ከቀዶ ጥገናው በፊት በራሳቸው ዙሪያ ቀለበት ታስሮላቸው በክብደት ወደ ላይ እየተሳቡ ለሳምንታት ይቆያሉ። እንግዲህ መጀመሪያ በተነሣው ሥዕል ላይ ያለው ጀርባና ቢላዋው የሚነካው ጀርባ አንድ አይደሉም፤ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ የተሣለ ብሎን ሁሉ እንደ አዲስ መታቀድ አለበት። ከዚህም በላይ ፕሮግራሞቹ ጤነኛ የሚሉት ልክ የተወሰደው ከማን ነው? ልዩ ልዩ ሕዝቦችን ለማነጻጸር ተብሎ ሚንስ በሚል ስም የተደረገው ጥናት እንኳ ፈቃደኞቹን ያገኘው ከአሜሪካ፥ ከፈረንሳይ፥ ከጃፓን፥ ከሲንጋፖርና ከቱኒዚያ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የዳሌ ማዕዘን ልክ በብዙ ሰዎች ላይ ተጠንቶ ቢቀርብ ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ የቆመ ሰው ራጅና ትዕግሥት ብቻ የሚፈልግ፥ ለእኛ ለተማሪዎች ዐቅም የሚመጥን ሥራ ነው።

ስላይሰርን የመሰለ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ስለሚገኝ ከመካከላችን ብዙዎች ሊለማመዱበት ይችላሉ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለምርምር እንጂ ለሕክምና ያልተፈቀደ መሆኑን እንደ ጻፉበት ግን መታወቅ አለበት። ወደ መጀመሪያው ገጽ ስንመለስ ደግሞ የመካከሉ ሥዕል ይቅር አንልም። ከሥሩ አምስት ነገሮች ይጻፉ እንላለን፤ ሥዕሉ ሲነሣ ሕመምተኛው ተኝቶ ነበር ወይስ ቆሞ፥ የንብርብሩ ውፍረት ስንት ነበር፥ አጥንቱ የተለየው በምን ልክ ነው፥ ማዕዘኑን ስንት ሰዎች ለኩት፥ በመካከላቸውስ ስንት ዲግሪ ልዩነት ተገኘ። ከቀኙ ሥዕል ቀጥሎም ቦታ ከተገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመምተኛው ቆሞ የተነሣው አራተኛ ራጅ ይጨመር፤ በግርጌውም ስንት እርምጃ ያለ ዕረፍት እንደሚሄድ በቍጥር ይጻፍ።